የቪኒል አሻንጉሊትን እድፍ የተሣለ ፊቷን ሳያበላሹ ስለ ማስለቀቅ



በዚህ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው መጽሔታችን ላይ ጓደኞቼ ስለ አገር ታሪክ፣ ስለ ጤናና ስለ እርሻ ሲጽፉ እኔ ስለ አሻንጉሊት ለመጻፍ መነሣቴን የሚሰማ ሁሉ ሳይስቅብኝ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሰው በትንሽ ነገር ላይ የሠራው ስሕተት ብዙ ጊዜ ትልቅ ነገር ያስተምረዋል። እኔም ከዚህ በታች የምተርክላችሁን ነገር የተማርሁት በመጀመሪያ አጥፍቼ፣ ቀጥዬም አፍሬ፣ በመጨረሻም ጠይቄ ነው። ጥፋቴ ለእኔ ብቻ ትምህርት ሆኖ እንዳይቀር እንደ ዐቅሜ እንደሚከተለው ጽፌ አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ

አክስቴ በቤይሩት ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ ወደ አንበሳሜ በሚመጣ ሰው እጅ ለታናሽ እኅቴ አንዲት አሻንጉሊት ላከችላት። በዚያን ጊዜ እኅቴ የ4 ዓመት ልጅ ነበረች። በሰፈራችን ልጆች አሻንጉሊት የሚሠሩት ከበቆሎ ቆረቆንዳና ከአሮጌ ጨርቅ ስለ ነበረ፤ ስትተኛ ዓይኗን የምትከድን፣ ስትነሣ የምትገልጥ፣ ቅንድቧና ከንፈሯ በቀለም የተሣለ አሻንጉሊት ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያያት መጣ። አያታችንም ነፍሷን ይማርና ለበዓሉ እንሶስላ ስታሞቀን የእኅቴን እጅ ከጠቀለለች በኋላ እኅቴ «የእርሷስ?» ብላ ብታለቅስባት፣ የአሻንጉሊቷን ቀኝ መዳፍ ጨምራ በእንሶስላ ጠቀለለችላት። ያ ደብዘዝ ያለ ቀይ ቀለም በመዳፏ ላይ እንዳለ ቀረ። አያታችን በ2014 ዓ.ም. ዐረፈች። አክስታችንም እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት እናቴ ርጥበቱን ፈርታ አሻንጉሊቷን ጥቁር ቀይ ቀሚሷን እንደ ለበሰች በፌስታል ጠቅልላ በሣጥን አኖረቻት። የእኛን አገር ክረምት የምታውቁት ነው። ጉማራና ርብ ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኙ በሣጥን ያለ ልብስ ሁሉ ይሻግታል። ለእንቁጣጣሽ ስትወጣ የቀሚሷ ቀይ ቀለም በአንገቷ፣ በክንዶቿና በአንድ ጉንጯ ላይ ሠርጾ ተገኘ። ይህም ሳያንስ ለበዓል የመጣ የአጎቴ ልጅ በግንባሯ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ መስመር አሰመረባት።

እኅቴ «እትዬ፤ አንቺ ሳይንስ ትማሪያለሽና አጽጂልኝ» አለችኝ። እኔም አላዋቂነቴን ለመግለጥ አፍሬ ከአንዲት ጸጉር ሠሪ ጎረቤታችን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተዋስሁና በጥጥ ነክሬ ግንባሯን ጠረግሁት። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የጠረግሁት። በመጀመሪያው ሰማያዊው መስመር ተስፋፋ። በሁለተኛው ግንባሯ ወዙ ጠፍቶ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። በሦስተኛው የግራ ቅንድቧ እኩሌታ ከጥጡ ጋር ወጣ። እኅቴ አላለቀሰችም። ጥጡን ከእጄ ተቀብላ አየችውና «እትዬ፤ ቅንድቧ እዚህ ላይ ነው ያለው?» አለችኝ። እኔ ግን የምመልስላት ቃል አጣሁ።

2ኛ፤ ቪኒል ምን ዓይነት ነገር ነው?

በማግሥቱ ነገሩን ለኬሚስትሪ መምህራችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፤ ከማጽዳትሽ በፊት የምታጸጂው ነገር ምን እንደ ሆነ ጠይቀሽ ነበርን?» አሉኝ። አልጠየቅሁም ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠየቅ ጀመርሁ።

ቪኒል የምንለው በሙሉ ስሙ ፖሊቪኒል ክሎራይድ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1872 ኦይገን ባውማን የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ አገኘው። በራሱ ግን ደረቅና ቶሎ የሚሰበር ስለ ሆነ ለብዙ ዘመን ጠቃሚ ሥራ አልተገኘለትም። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1926 ዋልዶ ሲሞን የተባለ አሜሪካዊ ከሚያለሰልስ ፈሳሽ ጋር አዋሕዶ እንደ ጎማ የሚለጠጥ አደረገው። ዛሬ የውሃ ጎማ፣ የዝናብ ልብስ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና ብዙ አሻንጉሊት የሚሠራው ከዚህ ነገር ነው።

አሁን ልብ የሚባለው ነገር ይህ ነው። ለስላሳ ቪኒል እንደ ብርጭቆ የተዘጋ አይደለም። በረጃጅሞቹ የፕላስቲክ ሰንሰለቶች መካከል ያ የሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ፈሳሽ አለ። ስለዚህ የቅቤ ቅል የቅቤውን ጠረን ጠጥቶ እንደሚያስቀር፣ ቪኒልም በዘይት የሚሟሟ ቀለም ሲያገኝ ወደ ውስጡ ይጠጣዋል። የዶሮ ወጥ ያደረበት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ደጋግሞ ቢታጠብም ቅላቱ አልለቅ የሚለን በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። የበርበሬው ቀለም በዘይት የሚሟሟ ስለ ሆነ ከዘይቱ ጋር ወደ ፕላስቲኩ ይገባል። የአሻንጉሊቷም ቀሚስ ቀለም ሦስት ወር ሙሉ በፌስታል ውስጥ ታፍኖ ቀስ በቀስ ወደ ሰውነቷ ገባ።

የፊቷ ቀለም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቅንድቡ፣ ከንፈሩና የጉንጩ ቅላት በቪኒሉ ላይ እንደ ስስ ቆዳ የተቀቡ ናቸው። እንግዲህ እድፉ ከውስጥ፣ ሥዕሉ ከላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እድፉን ለማውጣት በኃይል የምናፈስሰው ነገር ሁሉ በመጀመሪያ የሚያገኘው ሥዕሉን ነው። የእኔም ጥፋት ሌባው ከቤት ገብቷል ብሎ በሩን እንደ ሰበረ ሰው ሥራ ነበር። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ውስጥ የነበረው አሴቶን ደግሞ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ቪኒሉን ራሱን የሚያብጥና የሚያላላ ስለ ሆነ ግንባሯ የተጣበቀው በእርሱ ምክንያት ነው።

3ኛ፤ በአሮጌ ጫማ ላይ ያደረግሁት ፈተና

መምህራችን «ከእንግዲህ በአሻንጉሊቷ ላይ አትማሪ፤ በማያሳዝን ነገር ላይ ተማሪ» ብለው ስለ መከሩኝ ከተጣለ ዕቃ መካከል ነጭ የፕላስቲክ ጫማ ፈልጌ አገኘሁ። እንዲህ ያለው ለስላሳ ጫማ ከአሻንጉሊት ቪኒል ጋር በጣም ይቀራረባል። እርሱን በ10 ቁራጭ ቆርጬ በእያንዳንዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰመርሁና ቀለሙ እንዲሠርጽ ለ1 ሳምንት ተውሁት። ከዚያም በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እያንዳንዱን በልዩ ልዩ መንገድ ሞከርሁ። ያየሁትም እንዲህ ነው።

በፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ያጠብሁት ቁራጭ የላይ ቆሻሻው ጠርቶ ለቀቀ፤ የእስክሪብቶው መስመር ግን እንዳለ ቀረ።

በእንዶድ ያጠብሁትም ልክ እንደ ሳሙናው ሆነ። እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለበት ነው። ስለ እንዶድ ካነሣሁ አይቀር፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ እንዶድ የቢልሐርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። በእጃችን ያለውን ነገር አስተውሎ ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከእርሳቸው እንማራለን።

በሎሚና በጨው ያሸሁት ምንም አልተለወጠም፤ ጨው ግን ጫረው። በአመድ የፈተግሁት ወዙ ፈጽሞ ጠፍቶ በጭረት ተሞላ፤ መስመሩም አልጠፋም። ድስት በአመድ ይጠራል ብለን ቪኒልንም በአመድ እንዳንፈትግ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። በበረኪና የነከርሁት መስመሩ ጥቂት ቢደበዝዝም የቁራጩ ወዝ ጠፋ። በአሴቶን የጠረግሁት በአሻንጉሊቷ ግንባር ላይ እንደ ደረሰው ሁሉ ቀለሙ ተስፋፋ፣ ተጣበቀ፣ የጣቴም አሻራ ታተመበት።

በሰባተኛው ቁራጭ ላይ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የብጉር ቅባት ቀባሁ። ይህ ቅባት ቤንዞይል ፔሮክሳይድ የሚባል መድኃኒት ያለበት ሲሆን በ100 እጅ 5 ወይም 10 እጅ ሆኖ ይሸጣል። የእኔ ባለ 5ቱ ነበር። ቀብቼ በስስ ላስቲክ ሸፍኜ በፀሐይ አኖርሁት። ስምንተኛውን ቁራጭ በዚያው ቅባት ቀብቼ በጨለማ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁ። ዘጠነኛውን ያለ ቅባት በፀሐይ ብቻ አኖርሁ። ዐሥረኛውን ለማመሳከሪያ ምንም ሳልነካው በወረቀት ጠቅልዬ ተውሁት። በ4ኛው ቀን የሰባተኛው ቁራጭ መስመር ስስ ሆነ፤ በ7ኛው ቀን ተፈልጎ ካልሆነ በቀር የማይታይ ሆነ። የጨለማውና የፀሐይ ብቻው ቁራጮች ግን ጥቂት ደበዘዙ እንጂ አልጠፉም። እንግዲህ ቅባቱ ያለ ፀሐይ፣ ፀሐዩም ያለ ቅባት ሥራውን አይፈጽምም ማለት ነው።

ምክንያቱም ቤንዞይል ፔሮክሳይድ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኝ በመካከሉ ይከፈልና እረፍት የሌላቸው ቁርጥራጮች ይወጡታል። እነዚህም ወደ ለስላሳው ቪኒል ገብተው የእድፉን ቀለም የሚሰጠውን ክፍል ያፈርሱታል። ስለዚህ እድፉ ከቪኒሉ ወጣ ሳይሆን እዚያው እንዳለ ቀለሙን አጣ ማለቱ ይቀናል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ቅባቱ የእድፍን ቀለም ከሥዕል ቀለም አይለይምና፤ ቅንድብ ቢያገኝ ቅንድብን፣ ከንፈር ቢያገኝ ከንፈርን ያነጣል።

4ኛ፤ ሥራው በቅደም ተከተል

እንደ እኔ አሻንጉሊት ያላችሁ ወይም ለልጆቻችሁ ያኖራችሁ ብትኖሩ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል እንድትጠብቁ እለምናለሁ።

ሀ) መጀመሪያ ከምን እንደ ተሠራች መርምሩ። በጣት ሲጫኑት የሚለሰልስ ቪኒል ሊሆን ይችላል። የሸክላ፣ የእንጨት ወይም የጨርቅ አሻንጉሊት በዚህ መንገድ አይጸዳም። ዓይኗ የሚከደንና የሚገለጥ ከሆነ በውስጧ ብረት ሊኖር ስለሚችል እንዳይዝግ በውሃ አትንከሯት።

ለ) እድፉ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ለዩ። እድፍ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ከላይ የተቀመጠ ነው፤ አቧራ፣ ጥላሸት፣ የዋልካ ጭቃና ቅቤ ከዚህ ይቈጠራሉ። ሁለተኛው የተጣበቀ ነው፤ የጧፍ ሰምና ሙጫ ከዚህ ነው። ሦስተኛው የሠረጸ ነው፤ የልብስ ቀለም፣ እስክሪብቶና በርበሬ ያለበት ዘይት ከዚህ ናቸው። የመጀመሪያው በሳሙና፣ ሁለተኛው በትዕግሥት፣ ሦስተኛው በቅባትና በፀሐይ ይሸነፋል።

ሐ) በስውር ቦታ ሞክሩ። ለሰውነቷ ከቀሚሷ በታች ጀርባዋን ሞክሩ። ለቀለሙ ደግሞ የእግሯ ጥፍር ወይም ጫማዋ የተቀባ ከሆነ፣ ርጥብ ጥጥ በአንድ ጥፍር ላይ አሳርፋችሁ ጥጡን ተመልከቱ። ጥጡ ቀለም ይዞ ከተነሣ ፊቷን በዚያ ነገር አትንኩ።

መ) የላይ እድፍን አንሡ። ጭቃ ከሆነ ፈጽሞ ይድረቅና በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፤ ርጥቡን ጭቃ ማሸት አሸዋውን ይዞ ይጭራል። ጥላሸትና ቅቤ ከሆነ በአንድ ስኒ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁና ጥረጉ። የፈላ ውሃ ግን ቪኒልን አልስልሶ ቅርጹን ያበላሻል። በፊቷ ላይ ጨርቁን ከማሸት ይልቅ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ከሥዕሉ ጠርዝ ወደ ውጭ እያንከባለሉ መሄድ ይሻላል። በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ሳሙናውን ማንሣትና በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ሠ) የተጣበቀውን አትፋቁት። የጧፍ ሰም ቀዝቅዞ ሲደርቅ በጥፍር ወይም በቀጭን እንጨት ጫፍ ቀስ ብሎ ይነሣል። ቢላዋና ምላጭ ፈጽሞ አይቅረቡ።

ረ) ለሠረጸው እድፍ ቅባቱን በእድፉ ላይ ብቻ በክብሪት እንጨት ጫፍ አኑሩ፤ በስስ ላስቲክ ሸፍኑት። ከተሣለው ቀለም ቢያንስ አንድ ጣት ያህል ራቁ። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ፀሐይ በዱካ ላይ ወይም በመስኮት አኑሯት እንጂ በቆርቆሮ ጣራ ላይ አታስጧት፤ ቆርቆሮ ሲግል ቪኒሉን ያጣምመዋል። ማታ ማታ ቅባቱን አጥባችሁ መርምሩ፤ በማግሥቱ አዲስ ቀቡ።

ሰ) ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው አቁሙ። የቅባቱ ሥራ ከታጠበም በኋላ ጥቂት ሊቀጥል ይችላልና፤ ፈጽሞ እስኪጠፋ የሚጠብቅ ሰው ከእድፉ ይልቅ የሚያስጠላ ነጭ ነቁጥ ያተርፋል።

ሸ) ራሳችሁን ጠብቁ። ይህ ቅባት ልብስና ፎጣ ያነጣል፤ ዓይን ሲነካ ያቃጥላል። ስለዚህ በጓንት ሥሩ፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ ሕፃናት ከማይደርሱበት አኑሩት። አሻንጉሊቷም በሚገባ ሳትታጠብ ለልጅ አትሰጥ።

5ኛ፤ አሻንጉሊቷ ምን ሆነች?

ከኅዳር ወር ጀምሮ በዚህ መንገድ ሠራሁ። በመጀመሪያ ፊቷን ትቼ ከአንገቷ ጀመርሁ፤ ምክንያቱም እጄ እስኪለምድ ድረስ ብሳሳት በቀሚስ የሚሸፈን ቦታ ይሻላል ብዬ ነው። የአንገቷ እድፍ በ5 ቀን፣ የክንዶቿ በ8 ቀን ደበዘዘ። ከዚያም በግንባሯ ላይ ካለው የእስክሪብቶ መስመር ከቅንድቧ የራቀውን ክፍል ብቻ ቀባሁ፤ እርሱም ጠፋ። ወደ ቅንድቧ የተጠጋውን ግን እንዳለ ተውሁት። በጉንጯ ላይ ያለው የቀሚስ ቀለምም ከተቀባው የጉንጭ ቅላት ጋር የተደባለቀ ስለ ሆነ በለስላሳ ሳሙና ብቻ ጠርጌ ተውሁት። እናቴ አይታ «አፍራ የቀላች ትመስላለች» አለች።

በኔ ጥፋት የጠፋው የቅንድቧ እኩሌታ ግን አልተመለሰም። አንዲት ጓደኛዬ በእስክሪብቶ ሣይው ብላኝ ነበር፤ ነገር ግን የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ቪኒል እንደሚሠርጽና እንደሚስፋፋ በጫማው ላይ በዓይኔ ስላየሁ እምቢ አልሁ። ሥዕል የሚያውቅ ሰው በተስማሚ ቀለም እስኪሠራው ድረስ እንዲሁ ትቆይ ብለን ተስማማን።

አሁን የማልረሳውን ነገር ልንገራችሁ። ሥራው ጥሩ መሄዱን ባየሁ ጊዜ ልቤ ኮርቶ የቀኝ መዳፏን ገልጬ የእንሶስላውን ቅላት በቅባት ልቀባ ክብሪቱን አነሣሁ። እኅቴ ሮጣ መጥታ አሻንጉሊቷን ከእጄ ነጠቀችና «እትዬ፤ ይህ እድፍ አይደለም፤ እማማ ያሞቀቻት ነው» አለችኝ። እጄ እንደ ተነሣ ቀረ። እውነትም ኬሚስትሪ የቀሚሱን ቅላትና የእንሶስላውን ቅላት ሁለቱንም ቀለም ብሎ ይጠራቸዋል። የቱ እድፍ እንደ ሆነና የቱ እንዳልሆነ ግን ሊነግረን የሚችለው የዕቃው ባለቤት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ከማጽዳቴ በፊት «ይህ ምን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ይህ የማን ነው? እንዲጠፋስ ይወዳል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

6ኛ፤ ይህ ነገር ከአሻንጉሊት ያልፋል

በውጭ አገር አሻንጉሊት የሕፃናት መጫወቻ ብቻ አይደለም። ለመታሰቢያና ለቅርስ የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1959 በኒው ዮርክ የመጫወቻዎች ትርዒት ላይ የወጣችው ባርቢ የተባለችው አሻንጉሊት በሰብሳቢዎች ዘንድ የምትታወቅበት አንድ ችግር አላት። የብረት ጉትቻዋ ውስጥ ያለው መዳብ ከቪኒሉ ጋር ሲቈይ ጆሮዋን አረንጓዴ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰብሳቢዎች ከሁሉ አስቀድመው ጉትቻውን ያወልቃሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶችም ኢቲዶልስ የሚባል ድርጅት አቋቁመው የንግሥት ማክዳን አሻንጉሊት አሠርተዋል። የእኛ ልጆች የራሳቸውን መልክ የሚመስል አሻንጉሊት ማየታቸው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን መጠበቁን ካላወቅን ማሠራቱ ብቻ አይበቃም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ከእኛ ሩቅ ያልሆኑትን በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕሎች እናስብ። በእንዲህ ያሉ ጥንታውያን ሥዕሎች ላይ የዕጣንና የጧፍ ጢስ ለብዙ ዘመን ይቀመጣል። አንድ ሰው በቅን ልቡና ተነሥቶ ፊታቸውን በርጥብ ጨርቅ ቢጠርግ፣ ቀለሙ በውሃ በሚሟሟ ማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ ከጥላሸቱ ጋር ፊቱን ያነሣዋል። የእኅቴ አሻንጉሊት ቅንድብ በሌላ ቀለም ሊተካ ይችላል፤ የጥንት ሠዓሊ የሣለው ዓይን ግን አይተካም። ስለዚህ እኔ ከዚህ በላይ የጻፍሁትን መንገድ ማንም ሰው በቅዱሳት ሥዕሎች ላይ እንዳይሞክረው አጥብቄ እለምናለሁ። ይህ የባለሙያዎች ሥራ ነው። እነርሱም ቢሆኑ በስውር ጥግ ላይ በጥቂቱ ሳይሞክሩ አይጀምሩም፤ ሊመልሱት የማይችሉትንም ነገር ከማድረግ ይቈጠባሉ።

7ኛ፤ እድፍ ሳይመጣ መጠበቅ

ከማስለቀቅ መጠበቅ ይሻላል። ጥቁር፣ ቀይ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ልብስ አስለብሳችሁ ለብዙ ጊዜ አታኑሯት፤ ወይም በልብሱና በሰውነቷ መካከል የታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አድርጉ። በፌስታል አፍናችሁ አትጠቅልሏት፤ ርጥበቱና ከቪኒሉ የሚወጣው ነገር በውስጡ ይታፈናልና። ነፋስ በሚያገኝ የካርቶን ሣጥን፣ ከምድጃ፣ ከጢስና ከፀሐይ ርቃ ትቀመጥ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ፣ አውጥታችሁ እዩዋት። እኛ በግንቦት ብናያት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

እነሆ ጽሑፌን እዚህ ላይ እፈጽማለሁ። ግማሽ ቅንድብ የጐደላት አሻንጉሊት ዛሬ በእኅቴ መደርደሪያ ላይ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። በሷ ላይ የተማርሁት በሦስት ቃል ይጠቃለላል፤ ጠይቅ፣ በትንሽ ሞክር፣ በጊዜ አቁም።  አክስታችንም በሰላም ወደ አገሯ ስትመለስ የላከችውን ዕቃ ንጹሕ ሆኖ እንድታገኘው ምኞቴ ነው። ስለ ቅንድቡ ቢጠይቋት ግን እኅቴ እውነቱን እንድትናገር ፈቅጄላታለሁ።